ብዙ ኪሎ ሜትር የሄዱ የመንግስት ተሽከርካሪዎች መለዋወጫ መቼ ይቀየር?

ዜና ትንታኔ

በየመስሪያ ቤቱ ግቢ ማልደው ለስራ ከሚወጡ የመስክ ተሽከርካሪዎች መካከል የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው ከ300 ሺህ ያለፈ ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዳንዶቹ ከገዟቸው ፕሮጀክቶች በላይ እድሜ አግኝተዋል። ፕሮጀክቱ ተጠናቆ፣ ሰነዱ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ሰራተኞቹ ተበትነው መኪናው ግን ዛሬም ክትባት ያደርሳል፣ የምርጥ ዘር ስርጭት ለመከታተል ይወጣል፣ የፈተና ወረቀት ያጓጉዛል።

እነዚህን ተሽከርካሪዎች በአዲስ መተካት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኗል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር ወር 2016 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠግቷል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀደም ብሎም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ መደረጉ የተሽከርካሪ ወጪን ከፍ አድርጎት ነበር። በአጭሩ፣ በእጅ ያለው መኪና ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግል ግድ ሆኗል፤ እንዲያገለግል የሚያደርገው መለዋወጫም ዋጋው ንሯል።

በመሆኑም አንድ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ በየሳምንቱ ፊቱ የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሾፌሩ ይቀየርልኝ ያለው እቃ ዛሬ ይገዛ ወይስ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይቆይ? ጊዜው ሳይደርስ የተቀየረ እቃ የህዝብ ገንዘብ ነው። ጊዜው አልፎ የተሰበረ እቃም የህዝብ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዴም ሰው ይዞ ይሄዳል። በአብዛኛው የሚታየው አሰራር ሁለቱንም ሳይመዝን መኪናው እስኪቆም የመጠበቅ አሰራር ነው። የግዥ ጥያቄው የሚንቀሳቀሰው መኪናው ከቆመ በኋላ በመሆኑ፣ የመቀየሪያውን ቀን የሚወስነው ኃላፊው ሳይሆን ስብራቱ ይሆናል።

የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ ስራ በአንድ መስሪያ ቤት ላንድክሩዘር፣ በተለምዶ ሃርድቶፕ በሚባለው፣ ወደ ጎጃም ሲጓዝ የገጠመው ለዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። መኪናው የአባይን ድልድይ ተሻግሮ የደጀንን ዳገት ተያይዞ ሳለ ሞተሩ በድንገት ጠፋ። ከዚያ በፊት የተሰማ ድምጽ፣ የታየ ጭስ፣ የጨመረ ሙቀት አልነበረም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ለማስነሳት ከሞከሩ በኋላ ቁልፉን ነቅለው ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ "ወንድሜ፣ ይሄ እንግዲህ በመኪና ተጭኖ ነው የሚመለሰው፤ ቺንጊያው ሄዷል" አሉ።

የተበጠሰው የሞተሩን የላይኛውና የታችኛውን ክፍል አዟዟር አጣጥሞ የሚያንቀሳቅሰው የታይሚንግ ቺንጊያ ነበር። ሾፌሩ እንደተናገሩት እንዲቀየር በጽሁፍ ከጠየቁ አምስት ወር አልፎ ነበር። ጥያቄው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ከርሞ የመጨረሻ ምላሹ "መኪናው እየሄደ አይደለም ወይ?" የሚል ሆነ። በእርግጥም መኪናው እየሄደ ነበር።

ነገሩ የሚያስቆጨው አምራቹ ለዚሁ ብሎ ማስጠንቀቂያ ማስቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ ከ1990 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ ሲገጠም የቆየው፣ 1ኤችዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4 ነጥብ 2 ሊትር የናፍጣ ሞተር በብዙ አገሮች ቺንጊያው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲቀየር የታዘዘለት ነው። ጊዜው ሲደርስ በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ "ቲ-ቤልት" የሚል ጽሁፍ ያለበት መብራት ይበራል። አዲስ ቺንጊያ ሲገባም መብራቱ እንደገና ከዜሮ መቁጠር እንዲጀምር የሚደረግበት መንገድ አለው። በዚያ መኪና ላይ ግን መብራቱ አልበራም። በኋላ ሰሌዳው ሲፈታ አምፖሉ ከቦታው እንደሌለ ታወቀ። መኪናው በብዙ ሾፌሮች እጅ ያለፈ በመሆኑ ማን እንዳወጣው ማወቅ አልተቻለም፤ መብራቱ አይን ስለሚወጋ ይሆናል የሚል ግምት ብቻ ቀረ።

የዚህ አይነቱ ቺንጊያ በጭነት ላይ ሲበጠስ ጉዳቱ በራሱ አያበቃም። ቫልቮች ከፒስተኖች ጋር እንዳይጋጩ ጊዜያቸውን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ሲሄድ ቫልቮች ይጣመማሉ፣ አልፎ አልፎም ፒስተን ይመታል። ቴስታ ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮን ይገዛል፣ የሞተር ባለሙያ ለቀናት ይሰራል። ግማሽ ቀን በማይሞላ ስራ ከመወጠሪያው ጋር ሊቀየር ይችል የነበረ የጎማ ቀበቶ፣ አንድ የመስክ መኪና ለወራት ግቢ ውስጥ እንዲቆም ምክንያት ሆነ። በነዚያ ወራት ያልተጎበኙትን ቀበሌዎች ማንም በወጪ መዝገብ አላሰፈራቸውም።

ከዚህ ገጠመኝ መረዳት የሚቻለው ስለ አንድ ያረጀ እቃ ሲወሰን የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ያህል አልቋል?" የሚለው ሳይሆን "ቢሰበር ምን ይከተላል? ከመሰበሩ በፊትስ ይናገራል ወይ?" የሚለው መሆኑን ነው። ሳይናገር የሚሰበር፣ ሲሰበርም ሌላውን ይዞ የሚሄድ ወይም ሰው የሚጎዳ እቃ ገና ሲታይ ደህና ቢመስልም በተወሰነለት ኪሎ ሜትር ወይም ጊዜ መቀየር አለበት። እየተናገረ ቀስ በቀስ የሚያልቅ፣ ቢሰበርም ጉዳቱ በራሱ የሚወሰን እቃ ደግሞ እየተከታተሉ እስከ መጨረሻው ሊሰራበት ይችላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ትልቅ መሆኑ ብቻውን የትኛውንም አይወስንም።

በመጀመሪያው ምድብ ከቺንጊያው ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬን ነው። ስለ ፍሬን ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ሸራውን ነው። ሸራ ግን ከሁሉም የተሻለ የሚናገር ክፍል ነው፤ ሲሳሳ ይጮሃል፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ጎማ ሲፈታም በአይን ይታያል። የማይናገረው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጸባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያዛል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር የሚመክሩት። በአዲስ አበባ ሜዳማ መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ላይሰማ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ አባይ በረሃን ለሚወርድ መኪና ግን የህይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ የህዳሴ ድልድይን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሾፌር በከባድ ማርሽ መውረድ ትቶ በፍሬን ብቻ ከወረደ ታምቡርና ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፣ ያረጀ ዘይት ይፈላል፣ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ፔዳሉ ተረግጦ እስከ ታች ይሄዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በማግስቱ ሲመረመር ዘይቱ በርዶ፣ አረፋው ጠፍቶ፣ ፍሬኑ "ደህና" ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የአንድ ሊትር የፍሬን ዘይት ዋጋ ከብዙ መለዋወጫዎች ያነሰ ሆኖ ሳለ በጥገና መዝገቦች ላይ ከጭማሪ በስተቀር ሙሉ ለውጥ ተብሎ ተመዝግቦ የሚገኘው ስንት ጊዜ እንደሆነ እያንዳንዱ መስሪያ ቤት የራሱን ማህደር ገልጦ ሊያይ ይችላል።

ጎማም ከዚሁ ምድብ ነው፤ ግማሹ ይናገራል፣ ግማሹ ዝም ይላል። ጥርሱ ማለቁ በአይን ይታያል። በብዙ አገሮች ህግ ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በክረምት ጭቃና ኩሬ ለሚሄድ የመስክ መኪና ግን ይህም አነስተኛ ነው። የማይታየው የጎማው እድሜ ነው። በጎማው ጎን ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት እ.ኤ.አ በ2019 ዓ.ም በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በሰኔ ወር በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በብዛት ተገዝቶ በግምጃ ቤት ለዓመታት የተደረደረ ጎማ ጥርሱ እንደ አዲስ ይታይ እንጂ ላስቲኩ ደርቋል። ይህ ጎማ በቆላ ሙቀት ጭነት ይዞ ሲሮጥ በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። ግምጃ ቤቱ ጎማ ሲረከብ በሞዴል 19 ላይ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን እነዚህን አራት አሃዞች ጭምር ቢመዘግብ፣ የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ለማወቅ ሌላ ባለሙያ አያስፈልግም ነበር።

የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎችና የፍሬን ላስቲክ ቱቦዎች በዚሁ ረድፍ ሊቀመጡ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሰረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ የሚደረግላቸው ሲሆን፣ እነዚህ ክፍሎች በዚያ ጊዜ መታየታቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ በዓመት 25 ሺህ ኪሎ ሜትር በጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ቦሎ ከለጠፈበት ቀን እስከ ቀጣዩ ቦሎ ድረስ ብዙ ነገር ሊላላበት ይችላል። የዓመቱ ምርመራ የመስሪያ ቤቱን የራሱን ፍተሻ አይተካም።

ወደ ሁለተኛው ምድብ ስንመጣ ሁኔታው ይለያል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን በጩኸቱ ልክ አይሄድም። የጎማ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ክሮቸራ መኪናው ሲነሳ ይንኳኳል። ሾክ አብዞርበር ዘይት ያፈሳል፣ ጎሚኒ ሲበላ መኪናው በጉድጓድ ላይ ያንቀጫቅጫል። እነዚህ ሁሉ ማስታወቂያ እየሰጡ የሚያልቁ ስለሆኑ "300 ሺህ ደርሷልና ሁሉም ይቀየር" የሚል ዝርዝር ከጋራዥ ሲመጣ እንዳለ መፈረም አይገባም። አሮጌ መኪናን በአንድ ጊዜ አዲስ ለማድረግ የሚደረግ ሙከራ ገንዘብ ይበላል እንጂ መኪናውን አዲስ አያደርገውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሚዛን መጨመር ያስፈልጋል፤ እሱም መኪናው የተመደበበት ቦታ ነው። የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ያለው መኪና በአዲስ አበባ ከተማ ከመስሪያ ቤት መስሪያ ቤት የሚመላለስ ከሆነ መለዋወጫው እስኪገዛ ጥቂት ሳምንት ሊታገስ ይችላል፤ ቢብስ በአቅራቢያው ጋራዥ አለ። ያው መኪና ከጂንካ ወይም ከጎዴ አልፎ የሚሰማራ ከሆነ ግን ያው ድምጽ የተለየ ትርጉም አለው። በዚያ መንገድ ላይ የከሸፈ ኩሽኔታ ሞዞውን ያበላሻል፣ ጎማው ከነቦታው ሊወጣ ይችላል፤ መኪናውን የሚጎትት ሌላ መኪና ለማግኘትም ቀናት ይወስዳል። በመሆኑም ለሁሉም ተሽከርካሪ አንድ ወጥ የኪሎ ሜትር ገደብ በሰርኩላር ማስተላለፍ ለአሰራር ቢቀልም ትክክለኛ ውሳኔ አይሆንም። ከጋራዥ የራቀ መኪና ቀድሞ ይቀየርለታል፤ የቀረበው ይጠብቃል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ መሆኑን፣ ማለትም አዲሱ እቃ ለኃላፊው መኪና፣ ከዚያ የወረደው ለመስክ መኪና መሆኑን፣ በየመስሪያ ቤቱ የሚሰሩ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል።

ሌላው ሚዛን የእጅ ዋጋ ነው። አንዳንድ እቃ ራሱ ርካሽ ሆኖ እሱ ዘንድ ለመድረስ የሚፈታው ብዙ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ መውረዱ ካልቀረ ዲስኩን ብቻ ቀይሮ መልሶ መግጠም የተለመደ ስህተት ነው። መግፊያው ኩሽኔታና ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ በዚያው ቀን ቢቀየሩ የሚጨምሩት ወጪ ጥቂት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ ግን ያው ካምቢዮ እንደገና ይወርዳል፣ ያው የእጅ ዋጋ እንደገና ይከፈላል፣ ዘይት የነካው አዲሱ ዲስክም ይጣላል። የታይሚንግ ቺንጊያም እንዲሁ ነው፤ ከመወጠሪያው ኩሽኔታና ከኋላው ካሉ የዘይት ማገጃዎች ጋር ካልሆነ ለብቻው አይቀየርም። የግዥ ክፍሎች ይህንን "ያልተጠየቀ ተጨማሪ እቃ" አድርገው የሚሰርዙበት አጋጣሚ አለ። የጥገና ጥያቄው ገና ሲጻፍ እነዚህ አብረው የሚሄዱ እቃዎች በአንድ ዝርዝር ከነምክንያታቸው ቢሰፍሩ ክርክሩ ይቀራል።

ከሁሉም የከበደው ውሳኔ የሞተር ሙሉ እድሳት ነው። እዚህም ላይ ኪሎ ሜትር ብቻውን ያሳስታል። በወቅቱ ዘይት የተቀየረለት፣ በአቧራማ መንገድ ሲሰራ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የታየለት የናፍጣ ሞተር ከ400 ሺህ በላይ ሳይከፈት ሊሄድ ይችላል፤ የአየር ፊልትሮው ተዘንግቶ አቧራ የዋጠ ደግሞ በ150 ሺህ ያልቃል። ጭስም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የታፈነ ፊልትሮ ወይም የኖዝል ችግር ነው፤ ለእሱ ተብሎ ሞተር አይከፈትም። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከታየና የራዲያተር ውሃ የሚጎድል ከሆነ ቴስታና ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር ይገባል። ከመፈረም በፊት የሚያስፈልገው የኮምፕሬሽን ምርመራ ውጤትና በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ዘይት እንደተጨመረ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ሁለቱም ጥቂት ወጪ ብቻ የሚጠይቁ ሆነው ሳለ ለእድሳት ከሚቀርቡ ሰነዶች ጋር ተያይዘው ሲገኙ እምብዛም አይታይም።

መቼ እንደሚቀየር በትክክል ተወስኖም ምን እንደሚገዛ ካልተወሰነ ውሳኔው ዋጋ የለውም። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሚመረጥበት አሰራር ለወንበርና ለወረቀት ጥሩ ሊሆን ይችላል። "የፍሬን ሸራ፣ ብዛት 4" ብቻ ተብሎ ሲጠየቅ ግን በአንድ መስመር ላይ የሚወዳደሩት ፈጽሞ የተለያዩ እቃዎች ናቸው። በመርካቶ ሶማሌ ተራን ጨምሮ በመለዋወጫ ሱቆች የአንድ እቃ ዋጋ እንደ ስሪቱ ከእጥፍ በላይ ሲለያይ ማየት የተለመደ ነው። ማሸጊያው ከዋናው አምራች ጋር ተመሳስሎ የተሰራም አለ። መፍትሄው ደንቡን መጣስ ሳይሆን ደንቡ የሚፈቅደውን ዝርዝር መግለጫ ሞልቶ መጻፍ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የእቃው የአምራች ቁጥር፣ የሚፈለገው ደረጃና የዋስትና ጊዜ በጥያቄው ላይ ከሰፈሩ ርካሹ ተወዳዳሪ ቢያሸንፍም የሚያቀርበው የተጠየቀውን ነው። ለቺንጊያ፣ ለፍሬንና ለመሪ እቃዎች ቢያንስ ይህ መደረግ ይኖርበታል። ለማርሚታና ለበር እጀታ ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም።

አዲስ እቃ በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን አሮጌው ተመላሽ እንዲሆን መጠየቁም የቆየ ደንብ ነው። ይህ ደንብ በብዙ ቦታ ስርቆትን ለመከላከል ብቻ የተቀመጠ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን የተመለሰው እቃ ላይ መኪናው የነበረበት ኪሎ ሜትር ቢጻፍበት ለሚቀጥለው ውሳኔ የሚሆን መረጃ ይሆናል። ሸራው በስንት ሺህ አለቀ? ቺንጊያው ሲወጣ የተሰነጠቀ ነበር ወይስ ገና ጥሩ? የአንድ መስሪያ ቤት የራሱ መንገድ፣ የራሱ ጭነትና የራሱ ሾፌሮች አሉት። ከአምራቹ መጽሐፍ ቀጥሎ ሊታመን የሚገባው ይኸው ከራሱ የወጣ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ "ቆጣሪው ከተበላሸ ዓመታት አልፎታል፤ በምን እንቁጠር?" የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በእርግጥም በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የቆጣሪው ሽቦ ተበጥሶ መቅረቱ የተለመደ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መስሪያ ቤት የነዳጅ ወጪ ሰነድ አለው። በአንድ ሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዓመት 3 ሺህ ሊትር ናፍጣ ከወሰደ ከ21 ሺህ እስከ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ቺንጊያ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር እንዳለበት ያለ ቆጣሪ ማወቅ ይቻላል። የነዳጅ መዝገቡ ራሱ እውነት ካልሆነ ግን ስሌቱም እውነት አይሆንም፤ ያ ሌላ ጽሁፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

መለዋወጥ የሚቆመውስ መቼ ነው? በሌሎች አገሮች የሚሰራበት አንድ የተለመደ መመዘኛ አለ፤ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው የገበያ ዋጋ ግማሽ ካለፈ መኪናው ይሸጥ የሚል ነው። ይህ መመዘኛ በአገራችን ሁኔታ አይሰራም። የአሮጌ መኪና ዋጋ እንደ ሌላው አገር በየዓመቱ ከመውረድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዴም ይጨምራል። በሌላ በኩል በመስሪያ ቤቱ የሂሳብ መዝገብ ላይ የእርጅና ቅናሹ ተጠናቆ ዋጋው ከዜሮ የተጠጋ መኪና ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች ለውሳኔ አይረዱም። ሊነጻጸር የሚገባው መኪናውን ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በስራ ላይ ለማቆየት የሚወጣው ገንዘብና ያንኑ ስራ በሌላ መንገድ፣ በኪራይም ሆነ በሌላ መኪና፣ ለመስራት የሚወጣው ገንዘብ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙ አሮጌ የመስክ መኪኖች መጠገናቸው ያዋጣል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የታይሚንግ ቺንጊያም ሆነ የሞተር ዘይት የማይጠይቅ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለከተማ ስራም ምርጫው ግልጽ እየሆነ መጥቷል። ኃይል መሙያ በቅርብ ለማይገኝባቸው ወረዳዎች ግን አሮጌው የናፍጣ መኪና ገና የሚለቀቅ አይደለም።

ገንዘብ የማይመዘንበት አንድ ሁኔታ አለ። ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም በዝገት የተበላ፣ የመሪው ሳጥን የታሰረበት ብረት ተደጋግሞ የተበየደ መኪና ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሰራም ሰው ሊጫንበት አይገባም። እንዲህ ያለው መኪና ግቢ ጥግ ቆሞ ሳር እስኪውጠው ከሚጠብቅ፣ በወቅቱ ለማስወገድ ቢቀርብ ወይም ተፈቅዶና ተመዝግቦ ጤነኛ ክፍሎቹ ለሌሎች ቢውሉ ይሻላል። ሳይመዘገብ በማታ የሚፈታው መኪና ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

የቀጣዩ በጀት ዓመት እቅድ የሚዘጋጀው ሐምሌ 1 ከመድረሱ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው መስሪያ ቤት የጥገና በጀት የሚጠይቀው ያለፈውን ዓመት ወጪ ወስዶ ጥቂት በመጨመር ነው። የየመኪናው ኪሎ ሜትርና የቀጣይ ቺንጊያ፣ የፍሬን ዘይትና የጎማ ቀን በአንድ ገጽ ተይዞ ቢቀርብ ጥያቄው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይደገፋል፤ በጀቱ ቢቀነስ እንኳ የትኛው እቃ እንደማይነካ ይታወቃል።

በደጀን ዳገት ላይ የቆመው ላንድክሩዘር ቴስታው ተሰርቶ ወደ ስራ ተመልሷል። ሾፌሩ ከሰሌዳው የወጣውን አምፖል በአዲስ ከመተካታቸው ሌላ በቺንጊያው መሸፈኛ ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ቁጥሮች ጽፈዋል፤ አንደኛው አዲሱ ቺንጊያ የገባበት ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው መውጣት ያለበት ነው። እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ ስለቀራቸው ነው በቀለም የጻፉት።